ከምርቃቱ በፊት የቀመሰ ወፍ

ጎሕ ሲቀድ፣ ወልድያ

ልጄ ሰናይት ጋቢውን በትከሻዬ፣ ፌስታሉን በእጄ፣ ትእዛዙን በጆሮዬ አድርጋ ከበር ሸኘችኝ። ትእዛዙ አጭር ነው፤ «አባዬ፣ እትዬን ሳትይዝ እንዳትመጣ።»

እትዬ ብርቄ ታላቅ እህቴ ናት። ሐብሩ ወረዳ፣ ወደ ግራና ከተማ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ ባለች ጎጥ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏን ቀብራለች፤ ልጅ አልወለደችም። ክረምት ላይ ወንዝ ዳር አዳልጧት ወደቀችና እጇ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ከእናቴ ልጆች የቀረነው እሷና እኔ ነን፤ እኔ ደግሞ እንደ ሙሉ ሰው የምቆጠር አይደለሁም። ሰናይት ለአክስቷ አንዱን ክፍል ቀለም አስቀባች፣ አዲስ ፍራሽ አስገባች፣ ለመስኮቱም መጋረጃ ሰቀለችለት። የቀረው የክፍሉን ባለቤት ማምጣት ብቻ ነው። ይህን ሥራ ለእኔ የሰጡኝ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

እኔ ግን ተኩራርቼ ነው የወጣሁት። አሳምኜ፣ ጓዟን አስሬ፣ ለምሳ ይዣት እመለሳለሁ ብያለሁ። ጉሮሮዬ እስኪደክም ድረስ የወልድያ መነኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበርኩ፤ እንጀራዬን የበላሁት ሰው በማስቸኮል ነው። ያስቸኮልኩት ሰው ሁሉ የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔ እዚያው መነኸሪያው በር ላይ አረጀሁ።

መነኸሪያ ውስጥ ሰላምታው ተቀይሯል። ድሮ «እንዴት አደርክ» ነበር፤ አሁን «መንገዱ ሰላም ነው ወይ» ሆኗል። ሚኒባሱን የሚነዳው ጎልማሳ መሪውን በጨርቅ እየወለወለ «ዛሬ ሰላም ነው» አለኝ። «ዛሬ» የምትባለዋ ቃል እንደዚያን ጠዋት ጣፍጣኝ አታውቅም። ለሽበቴ ተብሎ ጋቢና ተሰጠኝ። ሽበት የሚከፍለው ደመወዝ ይህች ብቻ ናት።

ፀሐይ ስትወጣ፣ በመርሳ መንገድ

ስሪንቃን ስናልፍ ፀሐይዋ በግራችን፣ ከቆላው በኩል ብቅ አለች። በቀኝ ተራራው ከክረምት የተረፈች ጉም ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። የሽምብራው ቡቃያ በጥቁሩ አፈር ላይ ገና እንደ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው። ማሽላው ራሱ ከብዶት ወደ መንገዱ አዘንብሏል፤ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳን ይመስላል። እኔ አጸፋውን አልመለስኩም፤ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ትንሽ ሄድን እንዳልን ወደ ገበያ የሚሄዱ ግመሎች አስፋልቱን ሞልተውት አገኘናቸው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ጥሩምባ እንዲነፋ ነገርኩት፤ ግመል ጥሩምባ አይሰማም አለኝ። በዳር በኩል ቀዳዳ አለ አልኩት፤ ለመኪና ሳይሆን ለዶሮ ነው አለኝ። ሦስተኛ ምክር ልጨምር ስል ዞር ብሎ አየኝ።

«አባባ፣ የሚጠብቅዎት ሰው አለ?»

«የለም። እንደምመጣም አታውቅም።»

«ታዲያ የምናስቸኩለው ማንን ነው?»

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። እኔም ከማኩረፍ ይሻላል ብዬ አብሬ ሳቅሁ። ግመሎቹ አንድ በአንድ እየተንጎማለሉ አለፉ፤ የመጨረሻዋ በመስኮት አንገቷን አስገብታ ፊቴን በደንብ ካየችው በኋላ ነው የሄደችው።

መርሳ

መርሳ ሰው ከመኪና ሳይወርድ ፓፓያ ጉልበቱ ላይ የሚቀመጥባት ከተማ ናት። ለእህቴ ልገዛ ዋጋ ጠየቅሁ፤ የሰማሁትን ስላልወደድኩት በልጅነቴ የማውቀውን ዋጋ ነገርኳት። ሻጯ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሳቂታ ሴት፣ «አባባ፣ ያ ዋጋ ከነሰዎቹ አልፏል፤ ነፍስ ይማር ይበሉ» አለችኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ከፈልኩ።

ወርኃ ጽጌ ነው። የፈቃድ ጾም ነው ይባላል፤ ሰናይት ግን ፈቃዴን ሳትጠይቅ አስጀምራኛለች። ስለዚህ ቁርሴ ቅቤ የሌለው ፉል ሆነ። ፉሉን የምበላው ቆሜ ነበር። ባለቤቱ ወንበር አምጥቶ ቢያስቀምጥልኝም ቆሜ ጨረስኩ። በኋላ ሳስበው ያች ወንበር ታሳዝነኛለች።

ባጃጅ ይዤ በግራና መንገድ ወጣሁ። ባለባጃጁ ወጣት ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ፤ ስጨርስ ልደውልለትና እህቴንና ጓዟን ሊጭን ተስማማን። እንደማልቆይ ነገርኩት። እሱም እንዳመነኝ ሆኖ ተመለሰ።

ረፋድ ላይ፣ ማሽላው መሐል

ባጃጁ ከሚቆምበት እስከ ጎጧ ድረስ በእግር ነው፤ መንገዱ ማሽላውን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ማሽላው ከቁመቴ በላይ ነው፤ ከእኔ ቁመት መብለጥ ግን ያን ያህል ጀብዱ አይደለም። ጤዛው ገና አልደረቀም። ዛላው ጠንክሮ ሳይደርቅ፣ ወተቱን ሳይጨርስ፣ የእሸቱ ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ነው። እጄ እኔን ሳያማክር ሄደ። አንዱን ዛላ ቀነጠብኩ፣ በመዳፌ አሸሁ፣ እፍ ብዬ ገለባውን አራገፍኩና አፌ ውስጥ ጨመርኩት።

«ጋሼ አበራ፣ ዋጡት ወይስ ገና ነው?»

ድምፁ የመጣው ከላይ ነው። ሰይድ ማማ ላይ ቁጭ ብሎ ወፍ ይጠብቃል። የእህቴን መሬት የእኩል የሚያርሰው ጎረቤቷ ነው፤ የሟቹ የሼህ ይመር ልጅ። ዋጥኩት። ቢያንስ ውሸታም ላለመሆን ብዬ «ወርዷል» አልኩ።

እዚያች ጎጥ ተወልጄ ሕጓን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። የጎጧ ታላቅ ሰው የዓመቱን የመጀመሪያ ዛላ በገዛ እጁ አሽቶ፣ ቀምሶ ሳይመርቅ ማንም እሸት አፉ አያስገባም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያው ነው። ቀድሞ የቀመሰ ሰው ለዚያን ቀን ወፍ ይባላል። ቅጣቱም ምርቃቱ እስኪደርስ ማማ ላይ ወጥቶ ባልንጀሮቹን ማባረር ነው። እኔ ግን በዚህ ወቅት ምርቃቱ ካለፈ ቆይቷል ብዬ ነበር። ሼህ ይመር በሕይወት ሳሉ ማሽላው እዚህ ደረጃ ሳይደርስ ሰው ሁሉ እሸቱን ጠግቦ ይጨርስ ነበር።

«እስካሁን አልተመረቀም እንዴ?» አልኩት።

ሰይድ ከማማው ወረደ። አባቱ በረመዳን ማለፋቸውን አስታወሰኝ። ለቅሶውን ደርሻለሁ፤ ነገር ግን ከሼህ ይመር በኋላ የጎጧ ታላቅ ማን እንደሆነ አስቤው አላውቅም። እትዬ ብርቄ ናት። እጇ በወጌሻ ታስሮ ስለነበር ማሸት አልቻለችም። አንዴ ተፈትቶ አልገጥም አለ፣ እንደገና ታሰረ። ጎጧ በሙሉ፣ ልጅ አዋቂው፣ ማሽላው ፊቱ እየደረሰ አፉን ይዞ ጠበቃት። ወጌሻው የፈታላት ትናንት ነው። ምርቃቱ ዛሬ፣ ከቀትር በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ዛሬ ልወስዳት መጥቻለሁ። ይህንኑ ለሰይድ ነገርኩት፤ አስቸኳይ ጉዳይ ስላለኝ ከቅጣቱ ይቅር በለኝ አልኩት። መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወንጭፉን በእጄ አስያዘኝ።

«ወፍ ሁሉ አስቸኳይ ጉዳይ አለው፣ ጋሼ። ይውጡ።»

እትዬ ብርቄ ድምፃችንን ሰምታ ከቤቷ መጣች። ነጠላዋን አደግድጋለች፤ የተሰበረው እጇ ከሌላኛው ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ የሰው እጅ የተዋሰች ይመስላል። ሰይድ ጥፋቴን ሲነግራት ተንከትክታ ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም አፍህ ይቀድምሃል?»

በዚህች ምድር ላይ ልጅ ብሎ የሚጠራኝ የቀረ ሰው እሷ ናት። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም። ፓፓያውን ተቀብላኝ፣ ሰይድ ከታች እየገፋኝ፣ እንደ ጆንያ ወደ ማማው ተጫንኩ።

ቀትር፣ ማማ ላይ

የመጀመሪያዋ ድንጋይ ወደ ኋላ ወደቀች። ሁለተኛዋ ቆቤን ይዛ ሄደች። ወፎቹ ዛላው ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን አዘንብለው ያዩኛል፤ እንዲህ ያለ ጠባቂ ገጥሟቸው አያውቅም። ወንጭፉን ጣልኩና በማውቀው ሞያ ገባሁ። ያች አሮጌ ጉሮሮዬ ተከፈተች፤ «ደሴ ደሴ ደሴ! ኮምቦልቻ! የሞላ፣ የሞላ!» የወፉ መንጋ በአንዴ ብድግ አለ። ሰይድ ከእርሻው ማዶ ሆኖ «ጋሼ፣ ሁሉም ተሳፈሩ» ብሎ ጮኸልኝ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ቶሎ የታዘዘኝ ተሳፋሪ የለም።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ሰናይት እንዳትሰጋ ልደውልላት ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ሰዓቴን አየሁ፤ ለምሳ እመለሳለሁ ያልኩበት ሰዓት አልፏል። እንደገና አየሁት። ቀጥሎ ማየት ተውኩ። ማማ ላይ ያለ ሰው የትም ሊሄድ አይችልም፤ ከመነኸሪያ ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው። ነፋስ ሲመጣ ማሽላው ከአንዱ ዳር ተነሥቶ እስከ ሌላው ዳር ይንሾካሾካል። ከግራና በኩል የዙህር አዛን ከሩቅ፣ በነፋሱ ተቆራርጦ መጣ። አንድ ሽማግሌ በሬ ከጥላ ወደ ጥላ ሲያዘግም አየሁት፤ ጠባዩን ወደድኩለት። ሰይድ የወረወረልኝን ጥንቅሽ በቀሩኝ ጥርሶች፣ በግራ በኩል ብቻ፣ እየመጠጥኩ ተቀመጥኩ።

ተመስገን አልኩ። ለምን እንዳልኩት ሳላውቅ ነው ከአፌ የወጣው፤ ከዚያ በኋላ ምክንያት ፈለግሁለት። መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው። ጉልበቴ፣ ሰው ቢገፋትም፣ እዚህ ወጥታለች። ደግሞም ከበታቼ፣ ከማማው ጥላ ሥር፣ እህቴ እህል እየለቀመች በአፍንጫዋ አንድ የጥንት እንጉርጉሮ ታንጎራጉራለች። ፊቷን አላየውም። እሷም የኔን አታየውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ነገሩን የጀመርኩት።

ክፍሉን ነገርኳት። ስለ ፍራሹ፣ ስለ መጋረጃው፣ ቤታችን ውስጥ ስላለው ቧንቧ፣ ወንዝ ዳር ስላለው ማዳለጥ። እያንጎራጎረች ሰማችኝ።

«ወልድያ ምን እሠራለሁ?» አለች በመጨረሻ።

«ምንም። ቁጭ ትያለሽ፤ ታርፊያለሽ።»

«አሁን ምን እያደረግሁ ነው?»

መልስ ስፈልግ ወፎቹ ተመልሰው መጡ። ወደ ደሴ ልኬያቸው ስመለስ እሷ ቀጠለች።

«የምትፈራውን አውቃለሁ። ሬሳዬን ጎረቤት አግኝቶት፣ አንተ በስልክ እንዳትሰማ ነው።»

ልክ ናት። ከወንድሞቻችን የሁለቱን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ማማው ላይ ሆኜ ጋቢዬን ወደ ዐይኔ ሳብኩ፤ ነፋስ ስለነበር ነው።

ጥላ ሲረዝም፣ ምርቃቱ

ሰዉ ከየቤቱ መጣ። ከማሽላው ዳር በደረቅ አገዳ እሳት ተያያዘ። ወፍነቴ አብቅቶ ከማማው ወረድኩ፤ ዜናዬ ቀድሞኝ ስለነበር ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «እንዴት ዋልሽ ወፊት» እያሉ ሰላም አሉኝ።

እትዬ ብርቄ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሰይድ አንድ ዛላ አቀበላት። በደኅናው እጇ ይዛ በታመመው ልታሸው ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ። ዛላው ወደቀ። የሰይድ ሚስት ዘይነብ ልታነሣላት ጎንበስ አለችና መልሳ ተወችው። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ማንም በርቺ አላላትም። እኔ ብቻ፣ አመሌ ነውና፣ ልረዳት እጄን ዘረጋሁ፤ ሰይድ ክንዴን በቀስታ ያዝ አደረገኝ። እትዬ ዛላውን ራሷ አነሣችው። እንደገና አሸችው። ቀስ እያለች፣ እየቆመች፣ እየተነፈሰች። ጥቂት ፍሬዎች መዳፏ ላይ እስኪቀሩ ድረስ ሁላችንም እዚያች መዳፍ ላይ ነበርን። ቀመሰቻቸው። ከዚያ መዳፏን ወደ ላይ አደረገች፤ ሁሉም ዘረጋ።

«ለዚህ ያደረሰን ይመስገን። ዝናቡን በወቅቱ፣ ሰላሙን በየቤቱ ይስጠን። የታመመውን ይማር፤ የሄደውን ይመልስ።» እዚህ ላይ ድምፏ ቀጠነ። «ይህን ቦታ ለኔ የለቀቁልኝን ሼህ ይመርን አላህ ይዘንላቸው። ቀብራቸውን ያስፋላቸው።»

አሚን የሚለውም አሜን የሚለውም አንድ ላይ ወጣ። እህቴ ዳዊት ደጋሚ፣ ጽጌ ጿሚ ናት፤ ለሟቹ ጎረቤቷ በገዛ ቃሉ ለመነችለት። ሰይድ ፊቱን ወደ ማሽላው አዞረ።

ከዚያማ ድግሱ ሆነ። ዛላው እሳት ላይ ለብ ለብ እያለ ይወጣል፣ በትኩሱ ይታሻል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አገጩ ያልጠቆረ ሰው የለም። ለእኔ በሕጉ መሠረት መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። ጠዋት ሰርቄ ከበላሁት ጋር አንድ እህል መሆኑን ለማመን ተቸገርኩ።

ዐሥር ሰዓት አለፍ ሲል

ሰዉ ሲበተን ሰይድ ወደ ጎን ወሰደኝ። የኛ ነገር እንዳይዝዎት አለኝ፤ ምርቃታችንን አግኝተናል፣ እህትዎ ናቸው፣ ይውሰዷቸው፤ መሬታቸውን አርሼ ድርሻቸውን ወልድያ ድረስ አመጣለሁ። ቢከራከረኝ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ክርክር ነበር ያዘጋጀሁት።

ወደ ቤቷ ስገባ እትዬ ብርቄ ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ በነጠላ የተቋጠረ ልብስ አለ።

«ተዘጋጅቻለሁ» አለች። «አንተ እንቅልፍ ከምታጣ እኔ ልሂድ። የተሰጠኝን ሥራ ጨርሻለሁ።»

ይኸውላችሁ፤ ከንጋት ጀምሮ ስሮጥለት የዋልኩት ነገር በነጠላ ተቋጥሮ ፊቴ ተቀምጧል። ማንሣት ብቻ ነው የቀረኝ። ጎንበስ አልኩ። መዳፏ ላይ የማሽላው ገለባ ገና አልተራገፈም። በሚመጣው ዓመት ያ ማሽላ ሲደርስ ሰዎቹ አፋቸውን ይዘው ማንን እንደሚጠብቁ አሰብኩ። እሷስ ወልድያ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ምን ትጠብቃለች?

«ባጃጁ ጠባብ ነው» አልኩ። «ዛሬ አይመችም።»

ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ውሸታም ልጅ» አለች። ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው።

እስከ መንገዱ የሸኘችኝ ዘይነብ ናት። ፍርሃቴን አልደበቅኋትም፤ እህቴ እንደገና ብትወድቅስ አልኳት። እሷም ያልሰማሁትን ነገረችኝ። በየማለዳው ከደጇ ወጥታ መጀመሪያ የምታየው የእትዬን የጎጆ ክዳን ነው፤ ጭስ ከወጣ ተነሥታለች ማለት ነው። እትዬ የወደቀች ቀን ጭስ ስላጣች ነው ሮጣ ሄዳ ወንዝ ዳር ያገኘቻት። ከአሁን በኋላ ደግሞ የዘይነብ ልጅ ከእትዬ ጋር ያድራል። እኔስ በምን አውቃለሁ አልኳት። ኮረብታው ጫፍ ላይ ኔትወርክ አለ አለችኝ።

ዘይነብ ኮረብታው ላይ ወጥታ የደወለችለት ባለባጃጅ ሲመጣ «አልቆይም ብለውኝ ነበር» አለ። ወፍ ሆኜ ዋልኩ አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ምናልባት የዕድሜ ጉዳይ መስሎት ይሆናል።

ሲመሽ፣ ወልድያ

ሰናይት በሩን ከፍታ ከኋላዬ አየች። ማንም አለመኖሩን ስታውቅ ፊቷ ወደቀ። ጋቢዬን ሳላወልቅ ከግመሎቹ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆቤን በወንጭፍ መምታቴን እንኳ አልዘለልኩም፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሄዳ የተቀባውን ክፍል መብራት አጠፋችና ተመልሳ ተቀመጠች። ብትወድቅስ፣ ማን ይደርስላታል፣ አለችኝ። ስለ ጭሱ ነገርኳት። በጭስ ሰው ይታመናል እንዴ አባዬ፣ አለች። ሁለታችንም ስንገላበጥ አደርን።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ስልኩ ጮኸ። ሰናይት በባዶ እግሯ ሮጣ አነሣችው፤ እኔ አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ኮረብታ የወጣች ሴት ትንፋሽ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ዘይነብ ሰላምታም አላስረዘመች።

«ጭሱ ወጥቷል» አለች።

ሰናይት ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ከክረምት ወዲህ አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ተመልሼ ተኛሁ።